የእናቴ ክርን

አባቴ ቄስ ገብረ ዮሐንስ አሸተን ማርያምን ማገልገል የጀመሩት እኔ ሳልወለድ ነው። ተራራውን እያለከለከ የወጣ ቱሪስት ሁሉ መጀመሪያ ውኃውን ይጠጣል፤ ቀጥሎ አባቴን ፎቶ ያነሳል። እሳቸውም ነጭ ጥምጣማቸውን ጠምጥመው፣ መስቀላቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ኮስተር ብለው ይቆማሉ። ፈገግ እንዲሉ ሲጠየቁ "በቤተ ክርስቲያን በር ላይ ምን ያስቀኛል?" ይላሉ። እስካሁን በየሀገሩ ስንት የማናውቀው ሰው ሳሎን ውስጥ እንደተሰቀሉ እግዚአብሔር ይወቀው።

እናቴ ባንችይርጋ ግን የትም አልተሰቀለችም። የእሷ ሥራ ከፎቶው በፊት ነው። ካሜራ ሲወጣ ከየትም ትደርስና የአባቴን ጥምጣም ታቃናለች፤ ወዲያው አስጎብኚው በእጁ ምልክት ይሰጣታል፤ እሷም ዘወር ትላለች። አንድ ጊዜ አንዲት ፈረንጅ ፎቶውን አሳጥባ በሰው እጅ ላከችልን። አባቴ እንደ ሁልጊዜው ኮስተር ብለው ቆመዋል። በፎቶው ጠርዝ ላይ ደግሞ አንዲት ክርን ከነጠላ ጫፍ ጋር ትታያለች። ፈጥና ዘወር ሳትል የተያዘች የእናቴ ክርን ናት። ፎቶው መስታወት ገብቶለት ቤታችን ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። እንግዳ በመጣ ቁጥር እናቴ ጣቷን እዚያ ላይ ታሳርፍና "ይቺ ክርን የኔ ናት" ትላለች። እንግዳው ይስቃል። እሷ አትስቅም።

ባለፈው ዓመት የልጄን ክርስትና ምክንያት አድርገው ሁለቱም እኔ ዘንድ አዲስ አበባ መጡ። እኔ ሰገነት እባላለሁ፤ መድኃኒት ቤት ነው የምሠራው፤ ትዕግሥቴም ቀኑን ሙሉ ሰልፍ እንደሚያስተናግድ ሰው ነው፤ ሰልፍ አልወድም። የቄስ ልጅ ሆኖ ሰልፍ መጥላት ደግሞ ከባድ ዕዳ ነው። የአባቴ ቀኝ እጅ የራሱ አእምሮ አለውና። ሰው ጎንበስ ሲል ካየ፣ እሳቸው ወሬ ላይም ይሁኑ እንቅልፍ ላይ፣ እጃቸው መስቀሉን ይዞ ይወጣል። የጫማውን ክር ሊያስር ያጎነበሰ ሰው ቀና ሲል ግንባሩ ላይ መስቀል ያገኛል። ሲመጡ እንኳ አውቶቡሱ ጋሸና ላይ ለቁርስ ቆሞ፣ አስታጣቢዋ ልጅ የእጅ ውኃ ይዛ ጎንበስ ስትል እጃቸው ወጣ። ልጅቷ ተሳለመች። እሷን አይታ ወጥ ሠሪዋ መጣች፤ ከዚያ ተሳፋሪው፣ ከዚያ የቆሙት የጭነት መኪናዎች ሾፌሮች። እናቴ ያለ ባሏ ላለመብላት ስትጠብቅ የአውቶቡሱ ጡሩንባ ተነፋ። "ጦሜን ደሴ ደረስሁ" ብላ ነገረችኝ፣ ገና ሻንጣዋን ሳታስቀምጥ።

ክርስትናው ካለፈ በኋላ ከመመለሳቸው በፊት ከተማውን ይዩ ብዬ ጥምር ጉብኝት የሚሉትን ቲኬት ቆረጥሁላቸው። በአንድ ሚኒባስ፣ በአንድ ቀን፣ ሙዚየሙንም፣ አንበሶቹንም፣ መርካቶንም፣ እንጦጦንም ማለት ነው። በዋዜማው ከሰዓት በኋላ እናቴ አዲሱን ቀሚሷን እያጣጠፈች ድንገት ተናገረች።

"ነገ ከአባትሽ ጋር ፎቶ እነሳለሁ።"

ስልኬን አወጣሁ። "አሁኑኑ ላንሳችኋ! ሶፋው ላይ ተቀመጡ።"

"ሶፋሽንማ ማን ይይልኝ አለ? እኔ እንደ ቱሪስት ነው የምነሳ። ከተማው ከኋላዬ፣ አባትሽ ከጎኔ። ስንቱ ከየሀገሩ እየመጣ ከባሌ ጋር ሲነሳ እኔ ጥምጣም ሳቃና ኖርሁ።"

ሳቅሁ። እሷ ግን አልጋው ላይ የተኛችውን ልጄን እያየች "እኔ ከሞትሁ በኋላስ፣ ይቺ ልጅ አያቷን በክርኗ ነው የምታውቀኝ?" አለች። ሳቄ ቆመ። የእናቴና የአባቴ አንድም የጋራ ፎቶ እንደሌለን እስከዚያች ቀን ልብ ብዬው አላውቅም ነበር። በማግስቱ ፎቶው መነሳት አለበት፤ በሚቀጥለው ቀን ማለዳ አውቶቡስ ይጠብቃቸዋል።

ጠዋት ልጄን ለባለቤቴ ትቼ ሦስታችን ሚኒባሱ ውስጥ ገባን። አስጎብኚያችን ኢያቄም የሚባል፣ ማይክሮፎን ከአፉ የማይለይ፣ ሰዓቱን በየደቂቃው የሚያይ ወጣት ነው። "የተከበራችሁ ጎብኚዎቻችን፣ የእኛ ጉብኝት የሚታወቀው በሰዓት አክባሪነቱ ነው" አለ። ምስኪን! ይህን ሲል አባቴን ገና አላያቸውም ነበር። ከእናቴ ጎን ሂንድ የምትባል የደሴ ሴት ተቀመጠች፤ ልጇን ልትጠይቅ የመጣች ጨዋታ አዋቂ ናት። እናቴ ሒጃቧን አየት አድርጋ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች። "እፎይ! ይቺ እንኳ አትሳለምም።"

ሙዚየሙ በር ላይ መፈተሻው ጮኸ። ጥበቃው "አባ፣ ብረት ይዘዋል?" ብሎ ኪሳቸውን ሊዳብስ ጎንበስ አለ። ከዚያ በኋላ የሆነውን መገመት አያዳግትም። የበሩ ጥበቃ፣ የውስጡ ጥበቃ፣ ቲኬት ቆራጯ፣ የጽዳት ሠራተኞቹ ሁሉ "ይፍቱኝ አባ" እያሉ መጡ። አባቴ እምቢ ማለት አያውቁም፤ እያንዳንዱን "እግዚአብሔር ይፍታህ፣ እግዚአብሔር ይፍታሽ" እያሉ ደግሞ የእናቱን ጤና ይጠይቃሉ። እኔ በዚህ መሀል እናቴን ከጎናቸው አቁሜ ስልኬን ስደግን ለጉብኝት የመጡ ተማሪዎች ገብተው ከበቧቸው። አንዱ ተማሪ ስልኩን ለእናቴ ሰጣትና "እማማ፣ ያንሱን እስቲ" አላት። በሕይወቷ ፎቶ አንስታ የማታውቀው እናቴ መጀመሪያ ያነሳችው የራሷን አውራ ጣት ነው። ሁለተኛው ግን ቆንጆ ወጣ። የድንቅነሽን አጥንት ሳናይ ኢያቄም ጠራን።

መንገድ ላይ ሾፌራችን መታጠፍ በማይፈቀድበት ታጠፈ። ትራፊክ ፖሊሱ አስቆመንና የቅጣት ደረሰኙን ይዞ መጣ፤ በአባቴ መስኮት በኩል ወደ ውስጥ ጎንበስ አለ። ጎንበስ ማለት አልነበረበትም። መስቀሉ ግንባሩ ላይ ሲያርፍ እንኳንስ የሾፌሩን ጥፋት የራሱንም ስም የረሳ መሰለ። ቆቡን አውልቆ ተሳለመና "ሁለተኛ እንዳይደገም" ብሎ ሄደ። ሾፌሩ መኪናውን ጥግ አስይዞ አባቴን በክብር ከፊት ወንበር አስቀመጣቸው። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ደስ እንዳለው ይታጠፍ ጀመር። እናቴ ከኋላ ቀረች።

"ባሌን መንጃ ፈቃድ አደረገው እኮ!" አለች ለሂንድ።

"አብሽሪ፣ አንበሶቹ ጋ ይለቁልሻል" አለቻት ሂንድ።

አልለቀቁላትም። አባቴ አንበሳ ያዩት ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ተሥሎ ብቻ ስለሆነ ቀኑን ሙሉ የቋመጡት ለእሱ ነበር። ነገር ግን አጥሩ ዳር የቆመው ሰው ጀርባውን ለአንበሳው ሰጥቶ ፊቱን ወደ እሳቸው አዞረ። ሰው አንበሳ ትቶ ቄስ ሲመለከት አንበሳውም ታዘበና ሄዶ ተኛ። እናቴ በዚያ ሰዓት የማታውቃቸውን ሰዎች ስልክ በሁለት እጇ ይዛ "ጠጋ በሉ፣ አንተ ረጅሙ ከኋላ ሁን" እያለች ታዛለች። ሙያውን አውቃዋለች፤ ፊቷ ግን እየጠቆረ ሄዷል። ጥምጣሙን ለማቃናት ጠጋ ባለች ቁጥር አቃንታ ትመለሳለች፤ አብራ ለመቆም ቦታ የሚተውላት አልተገኘም።

መርካቶ ስንደርስ ኢያቄም ማይክሮፎኑን አስቀመጠ። "መርካቶን በመስኮት ነው የምናየው። አባን ይዤ እዚህ ከወረድሁ እስከ ጥምቀት አንወጣም" አለ። ማንም አልተቃወመውም። እንደውም መኪናው መጨናነቅ ላይ በቆመበት ራሱ ኢያቄም ወደ ፊት ወንበር ሄዶ፣ ቪዛ ጠይቄ ነበርና በጸሎት ያስቡኝ ብሎ ተሳለመ። የእሱን አይታ ሂንድም ከመቀመጫዋ ብድግ አለች።

"አባ፣ ልጄ ሥራ እንዲያገኝ ለእኔም ዱዓ ያድርጉልኝ።"

"አንቺም ሂንድ?" አለች እናቴ።

"ወላሂ ምን ላድርግ እህቴ! ደግ ሰው ተገኝቶ ዝም ይባላል?"

አባቴ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ለሂንድ ልጅ ረዥም ጸሎት አደረሱ። ሂንድ "አሚን" አለች፤ ሌላው ተሳፋሪ "አሜን" አለ። እናቴም አሜን አለች፤ የእሷ አሜን ግን ጥርሷ መሀል ቀረ።

እንጦጦ የወጣነው ፀሐይዋ ልታዘቀዝቅ ስትል ነው። ከተማው ከታች ተዘርግቷል፤ እናቴ እንዳሰበችው ነው። "በሉ ፍጠኑ፣ ሳይመሽ እንውረድ" አለ ኢያቄም። እኔ ስልኬን አወጣሁ፤ እናቴ ነጠላዋን አስተካከለች፤ የአባቴንም ጥምጣም አቃናች። እንዲህ ተሳክቶ አያውቅም ስል ከዛፎቹ መሀል ሙሽሮች ከነሚዜዎቻቸው ብቅ አሉ። ሙሽራዋ አባቴን ስታይ ቬሎዋን ሰብስባ ሮጠች። ፎቶ አንሺያቸው ትልቅ ካሜራውን ደግኖ እናቴን አያትና በእጁ ምልክት ሰጣት።

"እማማ፣ ትንሽ ዘወር ይበሉልኝ።"

እናቴ ዘወር አለች። ዕድሜዋን ሙሉ የለመደችው ነውና እግሯ ራሱ ወሰዳት። ራቅ ብላ ስትቆም ዓይኗ እንባ እንዳቀረረ አየሁ፤ ልቤ ተቃጠለ። ፎቶ አንሺውን ልሰድበው አፌን ስከፍት እሷ ጉዞ ጀምራለች። የሄደችው ወደ መኪናው አልነበረም። ለመሳለም ወደተሰለፉት ሚዜዎች ሄዳ ከመጨረሻው ኋላ ተሰለፈች። የገዛ ባሏ ዘንድ ለመድረስ ተራ ያዘች ማለት ነው።

ሰልፉ እየተገፋ ደረሳት። አባቴ ደክሟቸው የሰው ፊት ማየት ትተዋል። መስቀሉን ግንባሯ ላይ አሳርፈው "እግዚአብሔር ይፍታሽ፣ እናትሽ ደህና ናት?" አሏት።

"እናቴማ ከሞተች ቆየች፤ እርስዎ ነዎት የቀበሯት" አለች። "እኔ ባንችይርጋ ነኝ።"

አባቴ ቀና አሉ።

"የቀረ ምዕመን አለ፤ እኔ ነኝ" አለች እናቴ። "ጠዋት የተሰለፍሁ እስካሁን ተራ አልደረሰኝም። ይህን መስቀል ለአንዲት ደቂቃ ኪስዎ ይክተቱትና ከእኔ ጋር ይቁሙ።"

አባቴ መስቀሉን አዩት፤ እሷን አዩዋት። ከዚያ በነጩ መሐረባቸው ጠቅልለው ደረት ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት። እጃቸውን ያለ መስቀል ሳየው ያን ቀን የመጀመሪያዬ ሳይሆን አይቀርም።

ስልኩን ሂንድ ከእጄ ተቀበለችኝ። ፎቶ አንሺው ደግሞ ወደ ፊት ጠጋ ሲል "አንተ ልጅ፣ አሁን አንተ ዘወር በል" አለችው፤ ዘወር አለ። ሁለቱ ጎን ለጎን ቆሙ። አባቴ እንደ ልማዳቸው ኮስተር አሉ።

"አንድ፣ ሁለት፣ ቢስሚላህ!"

ሂንድ ስልኩን ልትነካ ስትል እናቴ የአዲሱ ቀሚሷ ጫፍ የታጠፈ መሰላትና ልታቃናው ጎንበስ አለች። ጎንበስ ስትል የአባቴ እጅ ወጣ። ባዶውን ወጣ፤ የሚያሳልመው ነገር ሳይኖር አየር ላይ ቀረ። እናቴ ቀና ብላ እጁን አየችው፤ በሁለት እጇ ለቀም አድርጋ ያዘችው። አባቴም ሳቁ።

ሂንድ "ቆዩ፣ ሁለታችሁም ካሜራውን አላያችሁም፤ ልድገመው" አለች።

"እንዳትነኪው!" አለች እናቴ።

ያን ሁሉ ሰዓት አክባሪነት ያወራልን ኢያቄም ከመሸ ነው ወደ ቤታችን ያደረሰን። ያንኑ ማታ ፎቶውን አሳጥቤ በማግስቱ ማለዳ አውቶቡሱ በር ላይ ሰጠኋት። ነጠላዋ ውስጥ ከተተችው፤ ጋሸና ላይ ምግብ ሲቀርብም አላወጣችውም አሉ፣ ወጥ እንዳይነካው።

ለገና ሀገር ቤት ስሄድ ሁለቱ ፎቶዎች ጎን ለጎን ተሰቅለዋል። እንግዳ መጣና እናቴ እንደ ልማዷ ከአሮጌው ጀመረች፤ "ይቺ ክርን የኔ ናት።" እንግዳው ሳቀ። ወደ አዲሱ ዞረች። እዚያኛው ላይ ከእግሯ እስከ ራሷ አለች፤ አዲሱ ቀሚስም አለ፤ ከተማውም ከኋላዋ አለ። ራሷን ታሳያለች ብዬ ጠበቅሁ። ጣቷ ግን እሷን አልፎ ሄደና ባዶው የአባቴ እጅ ላይ አረፈ።

"ይህም እጅ የኔ ነው" አለች።