የተዋሰችው ሳቅ

እኔ የሬዲዮ ድምፅ ቴክኒሻን ነኝ። ከመስታወቱ ወዲህ ተቀምጬ ከመስታወቱ ወዲያ የሚናገረውን ሰው ድምፅ አስተካክላለሁ። በዚህ ጆሮዬ ያላለፈ የለም፤ እያዛጋ መግለጫ የሚሰጥ ሹም ሰምቻለሁ፣ ማይኩን ሊውጠው የሚደርስ ዘፋኝም ሰምቻለሁ። እንደ እታለም ሳቅ ግን ያቅለሸለሸኝ የለም። የእሷ ስላልነበረ ነው፤ የተዋሰችው ነው።

እታለም የጠዋት አስተዋዋቂያችን ነበረች። የመዝገብ ስሟ ሌላ ነው፣ ግን ከዘበኛው እስከ ዜና ክፍሉ ኃላፊ ሁሉም እታለም ይላታል። ከሃምሳ ዘለል ያለች፣ ትዳር ሳትይዝ እናቷን የምትጦር ሴት ናት። እናቷ ዓይናቸው ከጠፋ ቆይቷል። ጠዋት ልጃቸው ወጥታ በሩ ሲዘጋ፣ አልጋቸው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ሬዲዮውን ይከፍታሉ። ጎረቤት "ብቻዎን አይከፋዎትም ወይ?" ሲላቸው "ምን ብቻ አለኝ፣ ልጄ እዚሁ እኮ ነች" ይላሉ።

ዝግጅቷ ያው ሰው የሚልከውን መልእክት ማንበብ ነው። ሆስፒታል ለተኛ ወንድም "አይዞህ"፣ ሰፈር ለቀየረች ጓደኛ ሰላምታ፣ ታክሲ ውስጥ ለተረሳ መነጽር አፋልጉኝ። አንዱን አንብባ ወደሚቀጥለው ከማለፏ በፊት ትንሽ ዝም ትላለች፣ ሰውየው "የእኔ ነው" ብሎ ልቡ እስኪመለስ። ድምፅዋ ወፍራም ነው፣ አይቸኩልም። እኔ የመቆጣጠሪያውን ቁልፍ ነክቼባት አላውቅም።

ሥራ አስኪያጃችንን በሌለበት "ግልባጭ" እንለዋለን። አንድ ቀን ሰብስቦን የማዶውን ጣቢያ ነገር አነሳ። ከመንገዱ ማዶ፣ ልክ ፊት ለፊታችን ያለው ሕንፃ ላይ ነው ያሉት። ጠዋት ጠዋት አንዲት ወጣት እየሳቀች እንቆቅልሽ ትጠይቃለች፣ ሰው ደውሎ ይመልሳል፣ እሷ እንደገና ትስቃለች። ፀጉር ቤቱም ታክሲውም እሷን ነው የሚከፍተው። ግልባጭ እነሱ ያላቸው ሁሉ ለእኛም ይኑረን፣ ሕዝቡ ግልብጥ ብሎ ይመጣል አለን። እኔም አፌ አላርፍ ብሎ፣ ሰው ያንን ሳቅ ከፈለገ እዚያው አለለት፣ እኛ ጋ ምን ሊሠራ ይመጣል አልኩት። ገመድህን ቀጥል አለኝ። የሰው ወርቅ አያደምቅ የሚባለውን ለእሱ የነገረው የለም፤ ቢነግሩትም ወርቁ የማን እንደሆነ ነው የሚጠይቀው።

መልእክቱ ቀረ። እታለም ሳቅ እንድትማር ተደረገ። ግልባጭ ስቱዲዮ ውስጥ አስቀምጦ የዚያችን የማዶዋን ልጅ ሳቅ ደጋግሞ ያሰማታል፣ "ከጉሮሮሽ አይደለም፣ ከአፍንጫሽ አውጪው" ይላታል። የእናቱ ታናሽ የምትሆን ሴት! አንድ ጊዜ ብቻ፣ መልእክቶቹን ለጥቂት ደቂቃ ባነብስ ብላ ለመነችው። የአንቺ ዝምታ ጣቢያውን ገደለው፣ በሬዲዮ ዝምታ ሞት ነው አላት።

በሳምንቱ የማዶዎቹ መብራት ድንገት ጠፍቶ ጣቢያቸው ጭጭ አለ። ግልባጭ ቢሮው ሆኖ እየሰማቸው ነበር። ሮጦ መጣና አዲስ ስልት ጀምረዋል፣ ጉጉት መፍጠሪያ ነው፣ እኛም ዝም እንበል አለን። መብራት ጠፍቶባቸው ነው ብዬ ብነግረው ማን ሰምቶኝ! በእንቆቅልሹ መሃል ዝም አልን። በመስኮት ሳይ ማዶ ያሉት ሠራተኞች ሻማ ይዘው ይራወጣሉ።

ስልኩ እንኳ መደወሉን ደወለ። ግን ደዋዩ ሁሉ እያመሰገነ የሚጠራው የማዶውን ጣቢያ ስም ነው። ግልባጭ ቁጥራችን ጨመረ እያለ ደረቱን ይነፋል፣ እኔን ደግሞ ከሰዓት በኋላ ዝግጅቱ ሲደገም የማዶውን ስም እየቆረጥክ ጣልልኝ ይለኛል። ሆስፒታል ለተኛች ሚስቱ መልእክት ይዞ በር ድረስ የመጣ ሰውዬ ነበር፤ ዘበኛው እሱ ቀርቷል ሲለው፣ ጣቢያው ተሸጠ እንዴ ብሎ ሄደ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እኛ ነን።

እታለምን ለምን አትተይውም አልኳት። "ብተወው እማዬ ጠዋት ማንን ትሰማለች?" አለችኝ። "ሳቅም ቢሆን ድምፁ የእኔ ነው። ድምፄን አታጣውም።"

እናትየው ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ዛሬ አልሰማሁሽም ይሏት ነበር። እሷም አፍራ፣ ሬዲዮው ይሆናል ስትል ከረመች። እሳቸው ይሠራልኝ ብለው ሙጭጭ ሲሉባት እኔን ይዛኝ ሄደች። መንገድ ላይ "ነካ ነካ አድርግና ዕቃ ጎድሎታል በልልኝ" አለችኝ። እሺ አልኳት።

ቤቱ አንድ ክፍል ነው፣ ጥርት ያለ። እናትየው ሬዲዮውን ጭናቸው ላይ አድርገው ይጠብቁኛል።

"ና ልጄ፣ አንተ ታውቅበታለህ" አሉ። "የልጄን ጣቢያ አልይዝልኝ አለ። በከፈትኩት ቁጥር የምትስቀው የማዶዋ ናት።"

ተቀብዬ ከፈትኩት። ልክ የእኛው ጣቢያ ላይ ነው፣ የጠዋቱ ዝግጅት እየተደገመ ነው። እታለም ቦርሳዋን ከትከሻዋ ሳታወርድ በሩ ላይ ቆማ በዓይኗ ትለምነኛለች። እኔ ግን ያ ሳቅ ክፍሉን ሲሞላው ውሸቱን ተውኩት።

"እማማ፣ ሬዲዮው ደህና ነው" አልኩ። "ጣቢያውም የእኛው ነው።"

ራሳቸውን ዘንበል አድርገው አዳመጡ። ሳቁ አለቀና እታለም የስልክ ቁጥሩን ተናገረች። ቁጥር ስትናገር ትረሳዋለች መሰለኝ፣ በዱሮ ድምፅዋ ነው ዝግ ብላ የተናገረችው። ወዲያው ደግሞ ሳቋን ቀጠለች። አሮጊቷ ፊታቸውን ቅጭም አደረጉ።

"ይቺ ሴትዮ አንዳንዴ የልጄን ድምፅ ላስመስል ትላለች" አሉ። "አትችልበትም። ምነው፣ የራሷ የላትም? ዝጋልኝ እባክህ፣ ትቀፈኛለች።"

ዘጋሁት። እታለም ቦርሳዋን መሬት አስቀምጣ መጣችና እናቷ አጠገብ አልጋው ላይ ተቀመጠች።

"እማዬ፣ ሴትዮዋ ከነገ ጀምሮ አትመጣም" አለቻቸው።

"አንቺ በምን አወቅሽ?"

"አውቃታለሁ" አለች እታለም።