የቅዳሜ ጭቅጭቅ

ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ራሴን ያመኛል። እናቴ በጠዋት ቀስቅሳ ኦክላንድ ወዳለው የጃማይካዊው ሽማግሌ ሱቅ ታስነዳኛለች። ኤመሪቪል፣ ቤታችን አጠገብ፣ ሱፐርማርኬት ሞልቷል። እሷ ግን ጎደሬና ጦስኝ ከእሳቸው ካልተገዛ አይጥማትም።

ድሮ መንገዱ ሁሉ የካሪቢያን ሰዎች ነበር ይባላል፤ ዳቦ ቤቱም፣ ፀጉር ቤቱም፣ ጥግ ላይ ኮኮናት እየፈለጡ የሚሸጡትም። አሁን የቀሩት ሽማግሌውና በራቸው ላይ በጋሪ የተፈጨ በረዶ በሽሮፕ የምትሸጥ ሴትዮ ናቸው።

እናቴ እንግሊዝኛ አታውቅም፣ እሳቸው አማርኛ አያውቁም። እንደነሱ የሚጨቃጨቅ ሰው ግን አይቼ አላውቅም። ከፍላ ስታበቃ እጇን ዘርግታ "ምርቃት!" ትላለች። ለካ ጃማይካም ምርቃት አለ፤ "ብራውታ" ይሉታል። እሳቸው አንዲት ቃሪያ ጣል ያደርጋሉ። እሷ ትገላምጣቸዋለች። እሳቸው ጭንቅላታቸውን ይዘው ይጮኻሉ፤ በመጨረሻ አንድ እስር ጦስኝ ጨምረው በእጃቸው ሂጂልኝ ይሏታል። ከኋላችን ሰው ተሰልፏል፤ እኔ እሳቀቃለሁ።

ታዲያ አንድ ቀን፣ ሳን ሆዜ የቴክኖሎጂ ኩባንያ ውስጥ የምትሠራ ልጃቸው መጣችና ዕቃውን ሁሉ ስካን የሚያደርግ ማሽን ተከለችላቸው። እናቴ እንደልማዷ እጇን ስትዘረጋ፣ ልጅቷ ወደ እኔ ዞራ "ሶሪ፣ ሲስተሙ ኤክስትራ አይቀበልም" አለች። ሽማግሌው ቀና ብለውም አላዩን። እናቴ የገዛችውን ባንኮኒው ላይ ትታ ወጣች።

ተገላገልኩ ብዬ ነበር። ምን ያደርጋል! ሱፐርማርኬት ብወስዳት ጎደሬው ፕላስቲክ፣ ጦስኙ ሳር ሆነባት። ከዚያማ ጭራሽ ከቤት አልወጣም አለች። ቀኑን ሙሉ መስኮት ሥር ቁጭ ነው። ምን ሆንሽ ስንላት፣ "ደህና ነኝ"። አንጀቴ አረረ፤ ለአንድ እስር ጦስኝ ይህ ሁሉ!

በሌላ ቅዳሜ እየጎተትኩ ወሰድኳት። ማሽኑ ላይ ፎጣ ጣል ተደርጎበታል። ሽማግሌው ገና እንዳዩዋት፣ ምንም ሳትገዛ፣ ከወንበራቸው ተነሥተው መጮህ ጀመሩ። እሷስ መች ታንሳለች፤ በአማርኛ ታወርድባቸው ጀመር። ሰልፉ ቆሞ ይጠብቃል፣ እኔም ቆሜ እጠብቃለሁ።

መኪና ውስጥ ጦስኟን ታቅፋ ለብቻዋ ስትስቅ ትዕግሥቴ አለቀ።

"እማዬ፣ ሁልጊዜ መጣላት አይሰለችሽም?"

"እዚህ አገር ከመጣሁ ከዚያ ሽማግሌ በቀር ማን ተጣልቶኝ ያውቃል?" አለች። "እናንተማ 'ኦኬ እማዬ' ብላችሁ ስልካችሁን ታያላችሁ።"