ውሃ የማይጨመርበት ዱባ

አያቴ ዱባ ስትሠራ ጠብታ ውሃ አትጨምርም ነበር። በለስላሳ እሳት ላይ ጥዳ፣ ማር፣ ኮረሪማና ቀረፋ ጣል አድርጋበት በርጩማዋ ላይ ትቀመጣለች። የቆቦ ሙቀት አድክሞኝ፣ "ትንሽ ውሃ ጠብ እናድርግበትና ቶሎ ይብሰል" ስላት፣ "ተይው ልጄ፣ የራሱ ውሃ ይበቃዋል" ትለኝ ነበር።

ከቀበርናት ወዲህ ልጇ፣ እናቴ፣ እህል አልቀምስ አለች። ለቅሶ ደራሹ ሲወጣና ሲገባ ሰንብቶ ትናንት ቤቱ ጭር ሲል ከጓሮዋ የቀረውን ዱባ ቆረጥሁና እንደ እሷ ሠራሁት። በርጩማዋን ግን አልደፈርሁም፤ መሬት ላይ ተቀምጬ ጠበቅሁ።

እናቴ አንዴ ጎረሰች።

"የእሷን ያህል አልሆነም" አለችኝ።

"አውቃለሁ፣ እማ።"

ሳህኑን ጠርጋ ስትጨርስ ወደ እኔ ገፋ አደረገችው።

"እስቲ ጨምሪልኝ።"