ምስክሩን ይዞ የመጣ ፋይል

ባለቤቴ ደጀኔ ሆስፒታል ከመግባቱ በፊት አብረን የሠራነው የመጨረሻ ነገር የፋይል ፊርማ ማመሳከር ነበር። እሱ ከሰማያዊው ደብተር ያነባል፤ እኔ ኮምፒውተሩ ላይ እከታተላለሁ። «ሰባት፣ ሁለት፣ ኤፍ» ሲል «አለ» እላለሁ። ሻይ ፉት ሲል የደረሰበት ጠፋውና እንደገና ከመጀመሪያው ጀመርን። ተነጫነጭኩበት። ዛሬ ደብተሩን ስገልጥ የሻዩ ጠብታ ገጹ ላይ ደርቆ አገኘሁት።

መካነ ሰላም ላይ የስልክ ሱቅ ስንከፍት ገና ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ኔትወርኩ ደካማ ስለሆነ ሰው ፕሮግራም የሚያስጭነው እኛ ዘንድ ነው፤ እኛም ፋይሎቹን ከደሴ በፍላሽ እናስመጣለን። በእያንዳንዱ ፋይል ላይ ከሠሪው እጅ መውጣቱን የሚያሳይ ዲጂታል ፊርማ አለ። ደጀኔ የየሠሪውን ፊርማ መለያ፣ ያንን ረጅም የፊደልና የቁጥር ተርታ፣ ከራሳቸው ከሠሪዎቹ ድረ ገጽ ደብተሩ ላይ ገልብጦታል። ከደብተሩ ጋር ያልገጠመ አይጫንም።

አንድ ሐምሌ እሱ ወረኢሉ በሄደበት ቀን እትዬ ዘሃራ መጡ። ልጃቸው ሳውዲ፣ ሪያድ ከተማ፣ ሰው ቤት ትሠራለች፤ ዓርብ ዓርብ በአሠሪዎቿ ዋይፋይ ትደውልላቸዋለች። የሚያገናኛቸው ፕሮግራም አርጅቶ አልሠራ ብሏል።

«ቶሎ በይልኝ የኔ ልጅ፣ የወግዲ መኪና ሊሞላ ነው» አሉኝ።

ደብተሩ መሳቢያ ውስጥ ነው፤ ቁልፉ ደጀኔ ኪስ። ፍላሹ ላይ ግን ከፋይሉ ጋር መለያው ተጽፎ መጥቷል። በእሱ አመሳከርኩ። አንዲት ፊደል ሳትዛነፍ ገጠመ። ጫንኩላቸው፣ መረቁኝ፣ ሄዱ።

በሳምንቱ ተመለሱ። ፕሮግራሙ ሐሰተኛ ኖሮ አካውንታቸውን ሌላ ሰው ወስዶታል። የልጃቸው ቁጥር ደግሞ ከዚያ ውጭ የትም የለም።

«በምን አመሳከርሽው?» አለኝ ደጀኔ።

«አብሮት በመጣው።»

«ሌባ የራሱን ምስክር ይዞ ቢመጣ ታምኚዋለሽ?»

ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ዝናቡ የወግዲን መንገድ ቆረጠው። እትዬ ዘሃራ እህታቸው ቤት አርፈው በየቀኑ ሱቃችን በር ላይ ይቀመጡ ጀመር። ለመውጣትም ለመግባትም በጉልበታቸው አጠገብ ማለፍ ነበረብኝ፤ ስለዚህ አልወጣም። የረጠበ ጋቢያቸው ሽታ ክፍሉን ሞልቶት ምሳዬን ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ እበላለሁ። አንድ ቀን ቆሎ ቋጥረው አመጡልኝ። «አብሽሪ፣ አላህ ያውቃል» አሉኝ፤ ያጽናኑኝ እሳቸው ናቸው።

ደጀኔ ሪያድ ሰው ያለውን ቤት ሁሉ በጭቃ ዞረ። እዚያ የምትሠራ አንዲት የወግዲ ልጅ የእትዬ ዘሃራን ልጅ አፈላልጋ አገኘቻት፣ የእኔንም ቁጥር ሰጠቻት። በሦስተኛው ዓርብ ስልኬ ጮኸ። እትዬ ዘሃራ በሁለት እጃቸው ያዙት።

«አለሁ» አሉ፤ «ስልኩ ነው እንጂ የሞተው እኔማ አለሁ።»

ያን ቀን ደጀኔ ደንብ አወጣ፤ ማንም ብቻውን አያመሳክርም፣ አንዱ ያነባል፣ ሌላው ያያል። ደንቡ ሁለት ሰው ይፈልጋል፤ ደጀኔ ግን ከሆስፒታል አልተመለሰም። ሱቁን ልዘጋው አስቤ ቁልፉን ይዤ በሩ ላይ ቆሜ አውቃለሁ። ከዘጋሁት በኋላ የምሄድበት ቤት ግን ያው ከሱቁ ጀርባ ያለው ነው።

አሁን ከደብተሩ ጮክ ብዬ አነባለሁ። ከዚያ ቀና ብዬ ኮምፒውተሩን አያለሁ፣ «አለ» እላለሁ።