ፍንጭቴን አልዘጋም

ፍንጭትሽን ዝጊ ያለኝ ሰው መጀመሪያ የወደደኝ በፍንጭቴ ነው። ዛሬም ትዝ ሲለኝ ደሜ ይፈላል። ድሮውኑ ጠልቶት ቢሆን ነገሩ ቀላል ነበር፤ "ዓይንህ ካልወደደኝ እግዜር የምትወዳትን ይስጥህ" ብዬ መንገዴን እቀጥል ነበር። ወዶኝ፣ ተንሰፍስፎልኝ፣ ሽማግሌ ልኮ፣ ከዚያ በኋላ ነው ዝጊው ያለኝ።

ጊዜው ደርግ ነው። ሆሳዕና፣ የአውራጃው ጽሕፈት ቤት ውስጥ ታይፒስት ነበርኩ። ቀኑን ሙሉ "ለጓድ እገሌ" እያልኩ የጽሕፈት መኪናውን ስደበድብ እውልና ማታ እናትና አባቴ ቤት እገባለሁ። ሁለቱ የላይኛው የፊት ጥርሶቼ መሃል የክብሪት እንጨት ዘና ብሎ የሚያልፍበት ክፍተት አለ። በስሜ የሚጠራኝ አለቃዬ ብቻ ነበር። ለሌላው ሰው፣ ለዘበኛውም፣ ለሻይ ቤቷ ባለቤትም፣ መናኸሪያ ላሉት ሾፌሮችም "ፍንጭቷ" ነኝ። ከፋኝ እንዴ? ኧረ ምን ቆርጦኝ! በአገራችን ፍንጭት ያላት ሴት መስታወት አያስፈልጋትም፤ ቆንጆ መሆኗን ሰው በየመንገዱ ይነግራታል።

እሱ አስተማሪ ነበር፤ የዱራሜ አካባቢ ልጅ። አንድ ቀን የዝውውር ማመልከቻ ላስተይብ ብሎ መጣ። የእጅ ጽሕፈቱ ጉድ ነው፤ ዶሮ የጫረው መሬት ይሻላል። "ይሄ ቃል ምንድን ነው?" ስለው ራሱ አጎንብሶ አየ፣ አየና "እኔም አላወቅሁትም" አለኝ። በሳቅ ፈረስኩ። ቀና ስል እሱ ፈዞ ጥርሴን ያያል። ማመልከቻውን ተቀብሎኝ ሄደ፤ በማግስቱ ምንም የሚያስተይበው ሳይኖረው ተመልሶ መጣ።

የሱ የቤት ቋንቋ ከምባትኛ፣ የኔ ሀዲይኛ ስለነበር የተዋደድነው በአማርኛ ነው። ሲናደድ ብቻ በራሱ ቋንቋ ያጉረመርማል፤ እኔም በራሴ እመልስለታለሁ፤ ግማሹ ሳይገባን እንታረቃለን። "ስትስቂ ሳይሽ ድካሜ ሁሉ ይጠፋል" ይለኝ ነበር። እኔም ወደድኩት። ምኑን እደብቃለሁ፣ ከልቤ ወደድኩት። ሽማግሌ ላከ፣ አባቴ እሺ አለ፣ ሠርጉ ከመስቀል በኋላ እንዲሆን ቀን ተቆረጠ።

ከዚያ ሹመት መጣ። ሙዱላ ላይ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ተደረገ። እኔ ደስ ብሎኝ እልል አልኩ። እሱ ግን ከረባት ባሰረ በሳምንቱ ድምፁ ወፈረ። "የዳይሬክተር ሚስት እንዲህ አትልም፤ የዳይሬክተር ሚስት እዚህ አትቀመጥም" ማለት አመጣ። ቀልድ እየመሰለኝ "እሺ፣ ጓድ ዳይሬክተር" እያልኩ አልፈው ነበር።

አንድ ቅዳሜ ለሠርጉ ጨርቅ ልንመርጥ አንድ ሱቅ ገባን። ባለሱቁ የጉራጌ ሰው ናቸው፤ ከልጅነቴ ጀምረው የሚያውቁኝ ጨዋታ አዋቂ ሽማግሌ። ገና ከበሩ ላይ ሲያዩኝ "ፍንጭቷ፣ በመጨረሻ ተያዝሽ!" አሉኝ። ከዚያ ወደሱ ዞረው "ልጄ፣ ይህቺ እዚህ ቆማ ስትስቅ ገበያዬ ይደራ ነበር፤ ስትወስድብኝ ካሣዬን ትከፍላለህ" አሉት። እኔ ሳቅኩ፤ ሱቁ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ሳቀ። እሱ የያዘውን ጨርቅ ባንኮኒው ላይ ወርውሮ ወጣ።

ተከትዬው ወጣሁና "ምን ሆንክ?" አልኩት።

"አላየሽም? ወንድ ሁሉ አፍሽን ሲያይ ይውላል።"

"አያቴ ይሆናሉ እኮ!"

"ሽማግሌም ወንድ ነው። ስሚኝ፤ ያገባች ሴት እንዲህ ሆና አትሄድም።"

"እንዴት ሆኜ?"

በጣቱ ወደ አፌ አመለከተ። "ዝጊው" አለኝ። "አሁን እኮ ይዘጋል። ያስዘጉ ሰዎች አውቃለሁ።"

ሞቼ ነው ቆሜ! እዚያው መንገድ ላይ ደርቄ ቀረሁ። አንድ ሰው ወዶ የገዛውን በግ ቀንዱ አማረ ብሎ ቀንዱን ይሰብራል? እንዲህ ያለ ነገር ሰምቼ አላውቅም ነበር።

በዚያ ሰሞን ከአዲስ አበባ የመጣ ጥርስ ሠሪ መናኸሪያው አጠገብ ባለ ሆቴል አንድ ክፍል ተከራይቶ ይሠራ ነበር። ሐኪም ነኝ ባይልም ነጭ ጋዋን ለብሷል። እጮኛዬ እጄን ይዞ እዚያ ወሰደኝ። ለምን ተከትለሽ ሄድሽ የሚለኝ ሰው አይጠፋም። እወደው ነበራ! ደግሞ የሚሉትን ሰምቼ ልወስን ብዬ ነው።

"የትኛው ነው የሚያምሽ?" አለኝ ጥርስ ሠሪው፣ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጥኩ።

"ምንም አያመኝም።"

"ፍንጭቷን እንድትዘጋላት ነው" አለ እጮኛዬ።

ሰውዬው ሁለታችንንም አፈራርቆ አየን። "እንዴ! እኔ ጋ የሚመጡት እኮ ፍንጭት አውጣልን የሚሉ ናቸው። ትናንት እንኳ አንዷ በሞረድ አስከፍታ ነው የሄደችው።" ነጋዴ ነውና ግን የመጣ ገበያ አይመልስም፤ ወዲያው ምን ምን ማድረግ እንደሚችል ይነግረን ጀመር።

መጀመሪያ የነገረን የወርቁን ነው። ሁለቱን ጥርሶች ዙሪያቸውን በሞረድ ያሳሳቸውና ወርቅ ያለብሳቸዋል፤ ልባሱ ወፈር ስለሚል መሃሉ ይደፈናል። ይሄ ካልተፈለገ ሁለቱንም ነቅሎ ሰው ሠራሽ ያስገባል፤ እሱ ደግሞ ማታ ማታ እየወለቀ ብርጭቆ ውኃ ውስጥ ያድራል። "ጤነኛውን ጥርስ ነው የምትነቅለው?" ስለው "ጤነኛም ይነቀላል" አለኝ፣ ቅር ሳይለው። እስቲ አስቡት፤ በሠርጌ ማግስት ሚዜዎች ሊጠይቁኝ ሲመጡ እኔ አልጋው ላይ፣ ጥርሴ ጠረጴዛው ላይ! ርካሽ ከፈለጋችሁ ደግሞ በላስቲክ አስሬ አቀራርባቸዋለሁ አለ። እሱን አውቀዋለሁ። ጎረቤታችን የነበረች ልጅ ራሷ ሞክራው ላስቲኩ ድድዋ ውስጥ ሾልኮ ገባ፤ ጥርሶቿ ተነቃነቁና አንዱ እንጀራ ስትበላ ወለቀ። በመጨረሻ አዲስ አበባ በሽቦ ቀስ እያሉ የሚያስተካክሉ የውጭ ሐኪሞች እንዳሉ መስማቱን ነገረን፤ ግን ከዓመት በላይ ይፈጃል።

"ሠርጉ ከመስቀል በኋላ ነው" አለ እጮኛዬ። "ወርቁ ይሁን።"

ማን ጠየቀኝ? እኔ አፌን ከፍቼ ተቀምጫለሁ፤ እነሱ ከራሴ በላይ ይነጋገራሉ። ፎንቆ ገበያ ላይ የበሬ አፍ ፈልቅቀው ዋጋ የሚነጋገሩ ሰዎች አይቻለሁ፤ ቁርጥ እነሱን። ሰውዬው ሞረዱን አነሳና በግራ ጣቱ ከንፈሬን ገለጠ። ብረቱ ጥርሴን ሲነካው ክርክርታው ጆሮዬ ድረስ ተሰማኝ። አፌን ግጥም አደረግኩት። ጣቱ ውስጥ ነበር።

"ኡ! ነከሰችኝ! አውሬ ናት እንዴ?" እያለ ሰውዬው ክፍሉን ዞረው። እጮኛዬ ደንግጦ ይቅርታ ይለምናል፤ እኔን ሳይሆን ሰውዬውን። "ምን ሆንሽ፣ አመመሽ ወይ?" ያለኝ የለም። ልቤ የቀዘቀዘው ያኔ ነው። ነጠላዬን አንስቼ ወጣሁ።

ወሬው ቤት የደረሰው ከኔ ቀድሞ ነው። እናቴ አንገቷን ደፍታ ጠበቀችኝ። "ልጄ፣ በጥርስ ትዳር አይፈርስም" አለች። "ሽማግሌ ገብቶላት፣ ቀን ተቆርጦላት የቀረችን ልጅ ማን ተመልሶ ይጠይቃታል? አንድ ነገር አላት ነው የሚሉሽ። እኔ ስሞት ብቻሽን ልትቀሪ ነው?" እናቴ አልዋሸችም። ከተማችን ትንሽ ናት፤ የተመለሰች እጮኛ ስም ከሷ ቀድሞ ገበያ ይደርሳል። ነገሩ ቢፈርስ የማጣው ባል ብቻ እንደማይሆን አሳምሬ አውቅ ነበር።

በሳምንቱ አክስቱ ሽማግሌዎቹን ይዛ መጣች፤ እሱም አብሯቸው። የኛን የጴንጤዎቹን ጸሎት ቤት መንግሥት አሽጎት ስለነበር የጸሎት ስብሰባ እንዳይመስልባቸው ሁለት ሁለት እየሆኑ ነው የገቡት። አክስቱ ቁጭ እንዳለች "ጥርስና ከንፈር ሲደጋገፉ ነው የሚያምሩት" ብላ ጀመረች። "ባሏ የጠየቃት ትንሽ ነገር ናት። ታስደፍነውና ሠርጋችንን እንብላ።"

አንዱ ሽማግሌ ግን ተቃወሙ። "ወርቅ ጌጥ ነው፤ እኛ አማኞች ነን፤ ሙሽሪት አፏን ከፍታ ወርቅ ስታሳይ ያሳፍረናል" አሉ።

"ጌጥ አይደለም፣ መድፈኛ ነው" አለች አክስቱ።

"ታዲያ በብር ይደፈን።"

"ብርስ ጌጥ አይደለም እንዴ?" አለ ሌላው።

ወይ ጉድ! ይደፈን አይደፈን የሚለው ቀርቶ በምን ይደፈን ሆነ ክርክሩ። ጥርሱ የኔ መሆኑን ሁሉም ረስተውታል። ይሄኔ አባቴ እጁን አነሳ።

"ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ" አለ። "ልጄ፣ መጀመሪያ ያየሃት የት ነው?"

"ቢሮ ነው፣ አባባ።"

"ምን ስታደርግ?"

"ስትስቅ" አለ።

"ታዲያ ምን ነካህ?"

ላቡ ችፍ ብሏል። "አባባ፣ እኔ እንደወደድኳት ሌላውም ይወዳታል። ስትስቅ ሰው ሲያያት ውስጤ ይነድዳል፤ እንቅልፍ አጣሁ። ሙዱላ የሚያውቃት የለም። እዚያ ዝም ያለች፣ የተሰበሰበች ሚስት ሆና ብትጀምር ምን አለበት?"

እውነቱን ነው የተናገረው፤ ስለዚያ እስከ ዛሬ አልወቅሰውም። እውነቱን ስሰማ ግን የፈራሁት ሁሉ ጠፋልኝ። ሽማግሌ ፊት ሴት ልጅ ትናገራለች አትናገርም የሚለውን ትቼ ተነስቼ ቆምኩ።

"በዚህ ዘመን ያልታሸገ ምን ቀረ?" አልኩ። "ጸሎት ቤቱ ታሽጓል። ቢሮ አፌን ዘግቼ ነው የምውለው። የቀበሌ ስብሰባ ላይ አፌን ዘግቼ ነው የማጨበጭበው። ደግሞ ትዳሬ ውስጥ ገብቼ ልዝጋ? ዛሬ ጥርሴን ብሰጥህ ነገ ዓይንሽን ስበሪ፣ ከነገ ወዲያ ከቤት አትውጪ ነው የምትለኝ። አልዘጋም! ከወደድከኝ እንዲሁ እንዳለሁ ነው። ካልሆነም መንገዱን ጨርቅ ያድርግልህ።"

"እግዚኦ! አፏን አያችሁልኝ?" አለች አክስቱ።

"አየነው" አለ አባቴ። "የቤታችን አፍ ነው።"

እሱ ቀና ብሎ አየኝ። በዚያች ቅጽበት "በቃ ይቅር" ቢለኝ ኖሮ ምን እንደማደርግ አውቃለሁ፤ ሽማግሌውንም አክስቱንም ዘልዬ አንገቱ ላይ እጠመጠም ነበር። አላለም። ተነሳ፣ እነሱም ተነሱ፣ ሁለት ሁለት ሆነው እንደመጡት ሁለት ሁለት ሆነው ወጡ። ጓዳ ገብቼ ትራሴን ነክሼ አለቀስኩ። ወድጄው ነበር፣ ሌላ ምን ይባላል?

በማግስቱ ቢሮ ገባሁ፤ ዘበኛው አንድ ቀልድ ነገረኝና ሳቅኩ። ጥርስ ባዳ ነው የሚባለው ለካ እውነት ነው። ከተማው ግን አልማረኝም። "ለጥርሷ ስትል ባሏን የሸኘች" አሉኝ። "ዳይሬክተር ንቃ ሚኒስትር ልትጠብቅ ነው" አሉኝ። እናቴ እንደፈራችው ብዙ ዘመን የጠየቀኝ አልነበረም፤ እኩዮቼ ልጅ ሲያዝሉ እኔ የጽሕፈት መኪና ስደበድብ ኖርኩ። ከፍቶኝ የሚያውቅባቸው ቀኖች ነበሩ። ተጸጽቼ የማውቅበት ቀን ግን የለም፤ ይሄን ሊሰማ የሚፈልግ ካለ ደግሜ እላለሁ፣ የለም።

ዓመታት አለፉ፤ ዘመኑ ግን ገና ደርግ ነው። ለቢሮ ሥራ ጃጁራ ሄጄ ገበያው መሃል ከእሱ ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠምን። ወፍሯል። በጨዋ ደንብ ሰላም አለኝና "ባለቤቴ ናት" ብሎ አጠገቡ ያለችውን አስተዋወቀኝ። ቀይ፣ ለስላሳ፣ ከኔ በብዙ የምታንስ ልጅ ናት። ሰላም ስትለኝ ፈገግ አለችና ጥርሷን አየሁት። ወተት የመሰለ ነው፤ በመሃሉ ክር የሚያስገባ ክፍተት እንኳ የለውም። እሱ ወደ ሽንኩርት ነጋዴዋ ዞረ፤ እኛ ሁለታችን ቆመን ቀረን።

በዚህ መሃል አንድ ፍየል የአንዲትን ባልቴት ጎመን ነጥቆ በገበያው መሃል ሮጠ። ባልቴቷ መቀነታቸውን እያጠበቁ ተከትለው "ያዙልኝ! ያዙልኝ ይሄን አድኃሪ!" ብለው ጮኹ። ካድሬ ይስማ አይስማ ግድ የሰጠው የለም፤ ገበያው በሙሉ በሳቅ ተንከተከተ። እኔ እንባዬ እስኪመጣ ሳቅኩ። ልጅቷም ሳቋ ሊያመልጣት ሲል መጀመሪያ ወደ ባሏ አየች፤ ከዚያ በመዳፏ አፏን ግጥም አድርጋ ትከሻዋ ብቻ ተንቀጠቀጠ።

"እህቴ፣ እጅሽን አውርጂው እንጂ" አልኳት። "እንዲህ ያለ ጥርስ ደግሞ ይሸፈናል?"

መዳፏን ሳታነሳ ራሷን ነቀነቀች። "ያየኛል" አለችኝ በሹክሹክታ።

ቀና ብዬ አየሁት። ጀርባውን ሰጥቶን ሽንኩርት እየመረጠ ነበር።