ወደ ኋላ የታሰረው አንቴና

ያን ቀን መኪናው ግቢያችን ውስጥ ቆሞ ዋለ። የፍልሰታ ጾም ነው። ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ ጠዋት አባርቷል። ወንድሜ ኮፈኑን ከፍቶ ከባትሪው ገመድ ያሳልፋል፤ እኔ የብረት መብሻውን ትራፓን ይዤ እጠብቃለሁ። ከየት እንደምጀምር ብዙ ጊዜ ባስብም አላውቀውም። ከአንቴናው ልጀምር።

ወንድሜ ሾፌር ነበር። ድሮ ለአንድ የእርዳታ ድርጅት ሲነዳ በመኪና ሬዲዮ መነጋገር ተማረ። ድርጅቱ ከላሊበላ ሲወጣ ሥራው ቀረ፤ ሬዲዮው ግን ከልቡ አልወጣም። ተፈትኖ የአማተር ሬዲዮ ፈቃድ አወጣ። ለደመወዝ ሳይሆን ለራሱ ደስታ በሬዲዮ የሚነጋገር ሰው አማተር ይባላል። አንድ ያገለገለ ሬዲዮ ቤት ውስጥ አስቀመጠ፣ ሌላውን አሮጌው ላንድክሩዘሩ ውስጥ ገጠመ። የቤቱ አንቴና በሁለት ባሕር ዛፎች መካከል የተወጠረ ሽቦ ነው። መጀመሪያ ሰሞን እናቴ ጋቢ አጥባ አሰጣችበት፤ ወንድሜ ሬዲዮው ምን እንደነካው ሲፈልግ ግማሽ ቀን ዋለ።

ጠዋት ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ አዲስ አበባ ካሉ አንድ ጡረተኛ ሽማግሌ ጋር ይነጋገራል። አባባ ይላቸዋል። በአካል ተያይተው አያውቁም። እኔ ገና ፈቃድ የለኝም። «እስክትፈተን ድረስ ስማ እንጂ አትናገር» ይለኛል። «ከሰማህ ሁለቴ ጫን።» የመናገሪያውን ቁልፍ ሁለቴ ስጫን በወዲያ በኩል ሁለት ጊዜ ቀጭ ቀጭ ይላል። ሰምቻለሁ ማለት ነው።

የቤቱ ሬዲዮ ጥሩ ነው። ያስቸገረን የመኪናው ነበር። እናቴ ደግሞ የምትፈልገው የመኪናውን ነው። ምክንያቱን መናገር አለብኝ። አባታችን የሞተው መንገድ ወጥቶ ነው፤ መሞቱን የሰማነው ከተቀበረ በኋላ ነው። እናቴ ለቅሶ የተቀመጠችው በባዶ ቤት ነው፤ ፊቱን አላየችም። ከዚያ ወዲህ ወንድሜ መንገድ ሲወጣ እህል አይወርድላትም። ስልክ አንድ ቀን ይሠራል፣ አንድ ቀን አይሠራም፤ ገደሉ ውስጥ ሲገቡ ጭራሽ የለም። ወንድሜ «የትም ብሆን ድምፄን ትሰሚያለሽ» ብሎ ቃል ገብቶላት ነበር።

መጀመሪያ የሞከረው ከሥሩ ማግኔት ያለውን አንቴና ነው። ጣሪያ ላይ ልጥፍ ይላል። በአስፋልት ለሚነዳ ሰው ጥሩ ነው አሉ። በእኛ ኮረኮንች ግን ወድቆ፣ በገመዱ ተንጠልጥሎ እንደ ታሰረ ጠቦት ከኋላ ሲጎተት ገበያተኛው ሁሉ አየው። ስለዚህ ያን ቀን የልጅነት ጓደኛውን ጠራ። ጓደኛው በያጅ ነው። ዝም ብሎ መሥራት አይችልም፣ አፉና እጁ እኩል ነው የሚሄዱት።

«መሃሉን ልብሳልህ» አለ ጣሪያውን በጣቱ እየመታ። «መጽሐፍህም የሚለው እንደዚያ ነው።»

እውነቱን ነው። ከሁሉም የሚሻለው የጣሪያው መሃል ነው፤ ብረቱ በአራቱም በኩል እኩል ይሆናል።

«መጽሐፉን የጻፈው ሰው ፖርታመጋላ ላይ ሽንኩርት ጭኖ አያውቅም» አለ ወንድሜ። «ጣሪያዬ እንጀራዬ ነው።»

«እና ከፊት እንደ ፍየል ቀንድ ልትተክለው?»

«አንተ በይድ። ስሙን ኋላ ታወጣለታለህ።»

ከፊት ባለው የብረት መከላከያ ላይ፣ በግራ በኩል፣ ወፍራም ላሜራ ተበየደ። ወንድሜ ቡሎኑ የሚያርፍበትን ቦታ ቀለሙን እስከ ብረቱ ድረስ በብርጭቆ ወረቀት ፈተገው። ከዚያም የተጎነጎነ የመዳብ ገመድ ከመከላከያው ወደ መኪናው አካል አሰረ። አንቴናው ግማሽ ነው ይል ነበር፣ ሌላው ግማሽ መኪናው ራሱ ነው፤ ሁለቱ በደንብ ካልተያያዙ ድምፁ አይወጣም። እናቴ ከበሩ ላይ ታየናለች።

«የደህናውን መኪና ቆዳ ትገፉታላችሁ እንዴ?»

«ብረት ከብረት ካልተነካካ አይሰማም፣ እማ።»

«እኔ ሳልነካህ አይደል እምሰማህ?»

በያጁ ሳቀ። «እማማ፣ እርስዎ ያለ አንቴና ነው የተሠሩት» አላት።

አንቴናው ረጅም ነው፣ ከሰው ቁመት ይበልጣል፣ እንደ አለንጋ ይወዛወዛል። ቀጥ ብሎ ሲቆም ያምራል። ወንድሜ በመለኪያው እያየ ጫፉን አሳጠረ፣ እንደገና አስረዘመ፣ ከዚያ ልሞክረው ብሎ በይምርሐነ ክርስቶስ መንገድ እስከ ሸለቆው ወረደ። እኔና እናቴ ሬዲዮው ፊት ተቀመጥን። ሹሽታ ብቻ። ሩቅ አገር የሚነጋገሩ ሰዎች ይሰማሉ፤ እሱ የለም። እናቴ ምስር ትለቅማለች፣ ቀና ትላለች፣ ትለቅማለች።

ተመልሶ ሲመጣ ፊቱ ተኮሳትሯል። «አባባ አዲስ አበባ ሆነው ጥርት አድርገው ሰምተውኛል። እናንተ ከዚህ ማዶ ሆናችሁ አትሰሙኝም?»

«ቤት ለቀህ አዲስ አበባ ግባ» አለ በያጁ።

ወንድሜ አልሳቀም። ስንጥር አንስቶ እርጥቡ አፈር ላይ ሣለ። አሥራ አንደኛ ክፍል ስለ ሞገድ ተምሬያለሁ፤ የገባኝ ግን ያን ቀን ነው። ቀጥ ብሎ የቆመ አንቴና ድምፁን አርቆ ይወረውራል፣ ቅርብ ያለውን ዘሎ ያልፋል። ተራራ ካለ ደግሞ ያበቃል። አንቴናው ከተጎነበሰ ግን ድምፁ ወደ ላይ ይወጣና ከሰማዩ ተመልሶ እዚያው አካባቢ ይወርዳል፣ ተራራውን ከላይ ይሻገረዋል።

«ድንጋይ ቀጥ አድርገህ ወደ ላይ ብትወረውር የት ነው የሚወድቅ?» አለኝ።

«አናቴ ላይ።»

«በቃ እሱ ነው።»

የናይለን ገመድ አምጥቶ ጫፉ ላይ አሰረ። አንቴናውን በመኪናው አናት ላይ ወደ ኋላ ለምጦ ገመዱን ከፖርታመጋላው የኋላ ብረት ጋር አሰረው። ከእቃው በላይ እንዲያልፍ ገመዱን ረዘም አደረገው። መኪናው የተደገነ ቀስት መሰለ።

«አባባስ?» አልኩት። «በዚህ እንደ በፊቱ አይሰሙህም።»

«አባባን ጠዋት ጠዋት በቤቱ ሽቦ አገኛቸዋለሁ። ይሄ ለቤት ይሁን።»

ዳግመኛ ወረደ። ብዙ አልቆየም፣ ድምፁ ጓዳችን ውስጥ ያለ ይመስል መጣ። «እማ፣ ምሳ ምንድን ነው?»

እናቴ ምስሩን ይዛ ተነሣች። ሬዲዮው ላይ ጎንበስ ብላ ሩቅ ያለ ሰው እንደምትጠራ ጮኸች። «ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ምን ምሳ አለ? ጾመኛ አይደለህም?»

ቁልፉን ስላልጫንኩ አልሰማትም። ሁለቴ ጫንኩለት። ከወዲያ ሲስቅ ሰማነው። ከዚያ ወዲህ እናቴ ፊት ላይ እንደዚያ ያለ ደስታ አላየሁም።

በማግስቱ የባለሱቆች እቃ ጭኖ ወደ ኩልመስክ ሄደ። በያጁም እዚያ የሚሠራው የቆርቆሮ በር ስለነበረው አብሮት ወጣ። ወንድሜ ጠዋት ከመውጣቱ በፊት ገመዱን ሳብ ሳብ አድርጎ አየው። ለእኔ ያለኝ «ሬዲዮውን አታጥፋው» ብቻ ነው። ሌላ ቃል ቢኖር እጽፈው ነበር።

እኩለ ቀን ላይ ጠራን። «ደህና ነኝ እማ። እዚህ ዝናብ አለ። እቃውን አራግፌ እመለሳለሁ።» ሁለቴ ጫንኩ። እናቴ ድምፁን አድንቃ «ጥራቱ» አለች። ትናንት የተማረችው ቃል ነው። ከዚያ ቤቱን ጠረገች። ስታንጎራጉር ሰማኋት።

ሊመሽ ሲል ሬዲዮው እንደገና ቀጭ አለ። የመጣው የበያጁ ድምፅ ነው። ሬዲዮ ተናግሮ አያውቅም፣ ቁልፉን እንደተጫነ ይዞታል። ዝናቡ ይሰማል።

«አለህ?» አለ።

ሁለቴ ጫንኩ።

«እማማ አጠገብህ አሉ?»

አጠገቤ ናት። ሁለቴ ጫንኩ።

«ወንድምህን ትንሽ አሞታል» አለ። «ለንስሐ አባታችሁ ለአባ ንገራቸው። ነገ በጠዋት ይዘነው እንመጣለን። ሰማኸኝ?»

እንዴት እንደሆነ ያወቅሁት በኋላ ነው። ሲመለሱ መንገዱን የዘጋ ጭቃ ነበር። ወንድሜ ሊያየው ወረደ፤ ከላይ ቋጥኝ ተናደ። መኪናውን አልነካውም። አንቴናውን አልነካውም። ግን እኔ ይህን ሁሉ ሳላውቅም አውቄ ነበር። እኛ ዘንድ መርዶ በምሽት አይነገርም። ሰው ሐዘኑን ብቻውን ይዞ እንዳያድር ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎች መጥተው ያረዳሉ። እስከዚያ የሞተው ሰው «ትንሽ አሞታል» ይባላል። ይህን የማያውቅ በላስታ የለም። በያጁ እንደዚያ አስቦ ነው። ሁለቴ መጫኔን «ሰምቻለሁ» ብቻ አድርጎ ወስዶ፣ እናቴ እንደ ድሮው ጓዳ ውስጥ ሆና የማትሰማ መስሎት ይሆናል። እሷ ግን ከሬዲዮው አንድ ክንድ ርቃ ተቀምጣለች።

ሁለቴ ጫንኩ።

«ምን አለ?» አለች እናቴ።

«ትንሽ አሞታል አለ።»

«ብርድ ይሆናል።» ሰፌዱን ወደ ጉልበቷ ሳበች። «ትንሽ ከሆነ ይሻለዋል። ሂድ ለአባ ንገራቸው፣ ጸሎት ያድርጉለት።»

የንስሐ አባታችን ዘንድ ሄድኩ። የተባለውን ቃል በቃል ነገርኳቸው። መቋሚያቸውን ግድግዳ ላይ አስደግፈው አዩኝ። «እናትህ ትተኛ» አሉኝ። «ዛሬ አንነግራትም። አንተም ወንድ ሁን፤ ስትገባ ፊትህን ታጠብ።»

ፊቴን ታጥቤ ገባሁ። እናቴ ራት አቀረበች። በላን። እኔ እንዳታውቅብኝ ስጎርስ እሷም ትጎርሳለች። የወንድሜን ድርሻ በሳህን ከድና ለብቻ አስቀመጠች። ልተኛ ስል «ሬዲዮውን አታጥፋው» አለችኝ፣ እንደ እሱ። ሲሾሽ አደረ።

ጎህ ሲቀድ አባና የሰፈሩ ሽማግሌዎች ግቢ ገቡ። ቀድሜ ልወጣ ብዬ ስነሣ እናቴ በሩ ላይ ቆማለች። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳለች። ወገቧን ታጥቃለች። አባ ገና አፋቸውን ሳይከፍቱ፣

«አባቴ፣ አይድከሙ» አለች። «ትናንት ሰምቻለሁ። ልጁ ትንሽ ይተኛ ብዬ ነው ዝም ያልኩ።»

ልጁ የተባልኩት እኔ ነኝ። እኔ ለእሷ፣ እሷ ለእኔ ስንል ሌሊቱን ሙሉ ሁለታችንም ሳንተኛ ነው ያደርን። ከዚያ እጆቿን አንስታ ጮኸች፤ ሰፈሩ ሁሉ ወጣ።

ስለዚያ አንቴና ብዙ ጊዜ አስባለሁ። ቀጥ ብሎ ቆሞ ቢሆን ኖሮ ያን ምሽት ምንም አንሰማም ነበር፤ እናቴ አንድ ሌሊት ትጨምር ነበር፤ ልጇ ኩልመስክ አድሯል ብላ የምትተኛው አንድ ሌሊት። ሌላ ጊዜ ደግሞ ዘግይተን የሰማነውን የአባቴን ሞት አስባለሁ። በኋላ አንድ ቀን፣ ያን ምሽት መስማቷ ይሻል እንደነበር እናቴን ጠይቄአት ነበር። «ዘግይቼ አልሰማሁም፣ ወንድምህ ቃሉን ጠብቋል» ነው ያለችኝ። እኔ ግን የትኛው እንደሚሻል እስከ ዛሬ አላውቅም።

ለቅሶው ግቢውን ሞልቶ ሳለ ቤት ውስጥ የሰው ድምፅ ተሰማ። አንድ ሰዓት ሆኗል። አባባ ናቸው፣ እንደ ወትሮው የወንድሜን የጥሪ ምልክት ፊደል በፊደል ይጠራሉ። ውሃ ልትቀዳ የገባች ጎረቤታችን ማድጋውን እንደያዘች ደንግጣ ቆማለች። ሄጄ ሬዲዮው ፊት ተቀመጥኩ።

ሁለቴ ጫንኩ።

«አሃ፣ ታናሽዬው ነህ» አሉ። «ደህና አደርክ ልጄ? ትናንት ጠዋት እኮ ስለ አንቴናው ሲያወራ ነው የተቋረጠብን። ወደ ኋላ አሰርነው አለኝ። ሠራ?»

ፈቃድ የለኝም። ቁልፉን ተጭኜ ተናገርኩ። «ሠርቷል አባባ። ከኩልመስክ ጥርት ብሎ ተሰምቷል።»

«ጎበዝ። እሱስ የት ሄደ?»

ከውጭ የእናቴ ድምፅ ይመጣል። ቁልፉን ስይዝ እሳቸውም ሳይሰሟት አይቀሩም። ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ። ብቻቸውን ሬዲዮ ፊት የተቀመጡ ሽማግሌ ናቸው፤ እኔም እንደዚህ ተቀምጬ ነው የሰማሁት።

«ትንሽ አሞታል» አልኳቸው።

ሬዲዮው ሾሸ። ከዚያ፣ በእሳቸው በኩል፣ ቁልፉ ሁለት ጊዜ ተጫነ።

ሬዲዮውን አጠፋሁት። ወንድሜን የጫነው መኪና ዳገቱን ሲወጣ ድምፁ ይሰማል። ወጥቼ ከእናቴ ጎን ቆምኩ።