የፎቶው ጀርባ

ፎቶው ስክሪኑ ላይ ዞሮ ጀርባውን ሲያሳይ ልቤ ቀጥ አለ።

እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ደስ ብሎኝ ነው የተቀመጥኩት። ልጄ ልትዳር አራት ቀን ቀርቷታል። በመልሱ ዕለት አዳራሽ ውስጥ ለዘመድ ሁሉ የሚታይ ቪዲዮ አዘናል፤ ከሕፃንነቷ ጀምሮ የተነሳቻቸው ፎቶዎች በዘፈን ታጅበው የሚያልፉበት። ፒያሳ፣ ከቸርችል ጎዳና ራስጌ፣ አንድ ፎቅ ላይ ቪዲዮ የምታቀናብር ሴት አለች። የወሎ ሰው ናት፤ ሻሿን አሳምራ የምታስር፣ ሠላሳዎቹን ያጋመሰች፣ አፏ ግን የአራዳ። አልበሜን ካስረከብኳት ሳምንት ሆኖኝ ነበር። "አልቋል፣ መጥታችሁ እዩት" ብላ ደወለች። ልጄ የምትሠራው ስድስት ኪሎ ነው፤ በምሳ ሰዓት ልትመጣ ተባባልን። እኔ አላስችል ብሎኝ ቀድሜ ደረስኩ።

አሠራሩ ጉድ ነው። ፎቶዎቹ ደብተር ላይ የተለጠፉ ይመስላሉ። ጠርዛቸው በእጅ የተቀደደ ወረቀት፣ ጥጋቸው ላይ ፕላስተር፣ አጠገባቸው የደረቀ አበባ። ገጹ ይገለጣል፣ ልጄ ጥርስ የላትም። ይገለጣል፣ ልጄ ዩኒፎርም ለብሳ ትኮራለች። የሙሽራው ተራ ሲደርስ ሴትዮዋ፣

"እትዬ፣ ይሄ ሰው ፀጉር ነበረው እንዴ? አዳራሹ በሳቅ ነው የሚፈርሰው" አለች። ሳቅን።

"አሁን ደግሞ የኔን ጥበብ ይመልከቱ። ፎቶዎቹን ከአልበሙ ፕላስቲክ ሳወጣቸው ጀርባቸው ሁሉ ጽሑፍ ነው። 'ለማስታወሻ ይሁንሽ'፣ 'ስታዪኝ አስታውሺኝ'። እኛማ ይሄን የት እናውቃለን? ስካን አድርጌ ሁሉም እየዞረ ጀርባውን እንዲያሳይ አደረግኩት።"

እውነቷን ነው። በኛ ጊዜ ፎቶ ዝም ብሎ አይሰጥም። ምንም ሳይጻፍበት የተሰጠ ፎቶ የንፉግ ሰላምታ ነው የሚባለው።

የታናሽ እህቴ ፎቶ መጣ። ቤይሩት የተነሳችው ነው፤ ቀይ ሹራብ ለብሳለች፣ ባሕሩ ከኋላዋ። ልጄ "አክስቴ" ነው የምትላት። ፎቶው ዞረ። እኔ ማንበብ የተማርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ፊደል በፊደል ካልሆነ አይሆንልኝም። አንዷን ቃል ግን ሳልቆጥራት አወቅኳት። "እናትሽ" ትላለች።

እህቴ ልጄን ወልዳ፣ ገና የስምንት ወር ሕፃን እያለች እኔ ጋ ትታት ነው ሰው ቤት ልትሠራ የሄደችው። እዚያው ታማ አረፈች። ከመሞቷ በፊት ይሄን ፎቶ በሰው ላከች። ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ጀርባውን አነበበልኝ፤ ሁለታችንም አለቀስን። "ስታድግ ይነገራታል" አለ። እስከዚያ እንዳታየው ብሎ ከሌላ ፎቶ ጋር ጀርባና ጀርባ ገጥሞ አልበሙ ፕላስቲክ ውስጥ ከተተው። ልጅቷ አደገች። እሱ ሞተ። እኔ ነገ እነግራታለሁ፣ ነገ እነግራታለሁ ስል ሃያ ምናምን ዓመት አለፈ። አልበሙን ሳስረክብ ያየሁት መልክ መልኩን ብቻ ነው። ጀርባው ላይ ያለው ነገር ትዝም አላለኝ።

"ይቺን ጽሑፍ አውጪያት" አልኩ።

"የቷን?"

"የእህቴን።"

"ኧረ እትዬ! ዋናዋ እኮ እሷ ናት። አንድ ሁለት ቃሏን አይቼ ነው፣ ሰው የሚያለቅሰው እዚህ ጋ ነው ያልኩት።"

"የእጅ ጽሑፏ አያምርም።"

"የእጅ ጽሑፍ ካላማረማ ዶክተሮቹ ሁሉ ሥራ ይፍቱ!"

ስልኬ ጮኸ። ልጄ ናት። "እማዬ፣ ታክሲ ውስጥ ነኝ፣ ምኒልክ አደባባይ ልደርስ ነው። ያለኔ እንዳታዩት!"

ከአደባባዩ እዚያ ድረስ በእግር አሥር ደቂቃ አይሞላም። ማውዙ ላይ ያለውን የሴትዮዋን እጅ ያዝኩት።

"በሞቴ፣ አንብቢውና አውጪው።"

በሹክሹክታ አነበበችው። "ይህች ፎቶ ለልጄ መታሰቢያ ትሁን። ስታድጊ እናትሽ እኔ እንደሆንኩ ይንገሩሽ። ጥዬሽ አይደለም የሄድኩት።"

ዞር ብላ አየችኝ። "ሙሽራዋ አታውቅም?"

"አታውቅም።"

ቀልዷ ሁሉ ከፊቷ ጠፋ። ወንበሯን ሳብ አድርጋ ሥራ ጀመረች። ስክሪኑ ግርጌ ፎቶዎቹ እንደ ትንንሽ ሳጥን ተደርድረዋል። አንዷን ስትቆርጥ ከኋላዋ ያሉት ሁሉ ተንሸራተቱ፤ የልጄ ምርቃት ላይ የነበረው እልልታ ጥርሷን አውልቃ የምታለቅስበት ፎቶ ላይ አረፈ። በሌላ ቀን ቢሆን ሆዴን ይዤ በሳቅኩ። አንድ በአንድ ወደ ቦታቸው መለሰቻቸው። እኔ ወረቀቱን ፎቶ ጠረጴዛው ላይ ካለው ክምር መዝዤ ደረቴ ውስጥ ከተትኩት።

"አሁን እንደገና ተጠናቅሮ እስኪያልቅ ነው" አለች። "ይቺ አረንጓዴ መስመር ካልሞላች አዲሱ አይከፈትም። ያለን የድሮው ብቻ ነው።"

መስመሯ ትንፏቀቃለች። አርባ። አርባ አንድ። የደረጃውን ኮቴ እያዳመጥኩ ቁጥር እቆጥራለሁ። ሰባ ላይ ቆመች። ስሙን የማውቀውን መልአክ ሁሉ ጠራሁ። ተንቀሳቀሰች።

ዘጠና ላይ በሩ ተከፈተ።

"ጀምራችኋል አይደል? ከዳተኞች!" ልጄ ናት፣ እያለከለከች።

"ሙሽሪት፣ መጀመሪያ ትንፋሽሽን ሰብስቢ" አለች ሴትዮዋ ስክሪኑን በትከሻዋ ጋርዳ። "ማኪያቶ ልዘዝልሽ? በዚህ ፊትሽ ያየሽ ሙሽራ ሐሳቡን ይቀይራል።"

እነሱ ሲሳሳቁ መስመሯ ሞላች።

ቪዲዮው ተከፈተ። ልጄ ትስቃለች፣ ዓይኗን ትጠርጋለች። ፎቶው ሁሉ እየዞረ ጀርባውን ያሳያል። የእህቴ መጣች፣ ቆመች፣ ሳትዞር አለፈች። አመለጥኩ ብዬ ተነፈስኩ።

"የአክስቴ ለምን አልዞረም?"

"ጽሑፍ የለውማ" አለች ሴትዮዋ ቶሎ ብላ።

"አክስቴ ባዶ ፎቶ ትልካለች? ከዚያ ሁሉ አገር? እማዬ፣ ምንም አልጻፈችም?"

"አልጻፈችም" ብል ያልቅ ነበር። ግን እህቴን እንደ ንፉግ ላስቆጥራት ነው። ሞታ እንኳ አፏን ልይዝባት ነው። እጄ ደረቴ ውስጥ ገባ።

ልጄ ሁለት ጊዜ አነበበችው። እኔ ጫማዋን ነበር የማየው።

"እውነት ነው?"

"እውነት ነው።"

"ይሄን ሁሉ ዓመት ደበቅሽኝ?"

"ፈርቼ ነው።"

"ምን ፈርተሽ?"

"እማዬ ማለት እንዳትተይኝ።"

ፎቶውን ይዛ ደረጃውን ወረደች። ተከተልኳት። ቸርችልን ቁልቁል ትሄዳለች፣ ዞር ብላ አታየኝም። መንገዱን ተሻገረች። እኔም እሷን እሷን እያየሁ ገባሁበት። የሚኒባስ ጥሩምባ ጆሮዬ ላይ ጮኸ።

ክንዴን አንድ እጅ መንጭቆ ወደ ዳር አወጣኝ።

"እማዬ! መኪና አታዪም እንዴ? ልትሞቺብኝ ነው?"

ሁለታችንም ቃሉን ሰማነው። ክንዴን እንደያዘች እዚያው አስፋልቱ ዳር ማልቀስ ጀመረች።

"ተናድጄብሻለሁ" አለች።

"ተናደጂ።"

"ዛሬ ብቻ አይደለም። ገና ብዙ ቀን እናደዳለሁ።"

"እሺ። ብቻ ክንዴን አትልቀቂው።"

አልለቀቀችውም። ዳገቱን እንደተያያዝን ተመልሰን ወጣን። ሴትዮዋ ከወንበሯ አልተነሳችም ነበር።

"የዚች ፎቶ ጀርባ አዳራሽ ውስጥ አይታይም" አለቻት ልጄ። "እሱ የኔ ነው። ግን መጀመሪያው ገጽ ላይ አድርጊያት። ከእማዬ ጎን።"

"እንግዲህ ሁሉም እንደገና ሊንሸራተት ነው በሉኛ" አለች ሴትዮዋ። በሻሿ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች።

በመልሱ ዕለት የመጀመሪያው ገጽ ሲገለጥ እኔና እህቴ ጎን ለጎን ነበርን፣ በአንድ ፕላስተር ተይዘን። ልጄ ከሙሽራ ወንበሯ ዞር ብላ አየችኝ። ያ ሁሉ ዓመት የፈራሁት ነገር መጥቶ አልፏል። ልጄ አሁንም እማዬ ትለኛለች። ድኛለሁ።